ዳለቻ የጠጣቻቸው ሦስት ነገሮች

ተረት ላምጣ? አምጣ በሉ። ከወዴት ላምጣ? ከአስፋልቱ ዳር በሉ። እንግዲያው ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ያን ያህል ድሮ አይደለም። ብረት ገና አፍ በነበረው ጊዜ፣ ሾፌርም የመኪናውን ቋንቋ በሚሰማበት ጊዜ ነው። በወሎ፣ ከሐይቁ በላይ ባለች አንዲት መንደር፣ እንድሪስ የሚባል ሾፌር ነበር። ይህ እንድሪስ የሚነዳት አንዲት ከባድ መኪና ነበረች። መልኳ አመድማ ስለነበረ እንደ ላም ስም አውጥቶ ዳለቻ ይላታል። ዳለቻ ሲላት አቤት ትላለች። እንሂድ ሲላት ትሄዳለች።

ዳለቻ ሁለት ሆድ ነበራት። በትልቁ ሆዷ ናፍጣ ትጠጣለች። በትንሹ ሆዷ፣ ሰማያዊ ክዳን ባለው፣ ሾፌሮች አድብሉ የሚሉትን እንደ ምንጭ የጠራ ፈሳሽ ትጠጣለች። ናፍጣው ጉልበቷ ነው። አድብሉው ደግሞ ጭሷን ያጥብላታል። ጭሷ ሳይታጠብ ብዙ መንገድ አትሄድም፤ ሲሠሯት እንዲህ አድርገው ነው የሠሯት።

እንድሪስ ሦስት ልጆች አሉት። ሦስቱም ሲወለዱ እሱ መንገድ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሲወለድ ወደብ ላይ ጭነት ይጠብቃል። ሁለተኛው ሲወለድ አዋሽ ላይ ጎማ ይቀይራል። ሦስተኛዋ ስትወለድ ጋላፊ ኬላ ላይ ተሰልፏል። በእነሱ አገር ደግሞ ልጅ ሲወለድ አባት ጎንበስ ብሎ በጆሮው አዛን ይልለታል። ልጁ በዚህ ዓለም መጀመሪያ የሚሰማው ቃል የአባቱ ትንፋሽ ያለበት ይሆናል። የእንድሪስ ልጆች ግን መጀመሪያ የሰሙት የሼህ ይመርን ድምፅ ነው። ሼህ ይመር ደግ ጎረቤት ናቸው። አባት ግን አይደሉም።

ይህ ነገር እንድሪስን ውስጥ ውስጡን በላው። ሚስቱ መሬማ አራተኛውን ስታረግዝ፣ "ይኼኛውን እኔ ነኝ የምልለት፤ ወላሂ እኔ ነኝ" አላት።

መሬማም ፈገግ ብላ፣ "እንጃልህ፤ መንገዱ ከእኔ ይልቅ ይወድሃል" አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንድሪስ መሪ እንደያዘ አዛኑን በሹክሹክታ ይለማመዳል። ለትንሽ ጆሮ የሚሆን ድምፅ ይፈልጋል። ከፍ ሲልበት ዝቅ ያደርገዋል፤ ሲሻክርበት ያለሰልሰዋል። ዳለቻ ትሰማዋለች። ስትሰማው ሞተሯን ቀስ ታደርግለታለች።

እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን እንድሪስ ከወደብ ማዳበሪያ ጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ ሎግያ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። አማቱ እማማ ከድጃ ነበሩ።

"እንድሪስ ልጄ፣ ሆዷ ወርዷል። ዛሬ አትወልድም፤ ነገን ግን አታልፍም። ድረስ!"

"መጣሁ እማማ! እየበረርኩ ነው!"

ይህን ብሎ ስልኩን ሳያስቀምጥ ቢጫዋ መብራት ከመሪው ፊት ብልጭ ብላ ተናገረች።

"እንድሪስ፣ ትንሹ ሆድ ጎድሏል።"

እንድሪስ መንገድ ዳር ወዳለው የአሲያ ሱቅ ሮጠ። አሲያ የአገሩ ልጅ ናት፤ ለመንገደኛ መኪና የሚሆነውን ሁሉ ትሸጣለች።

"አሲያ እህቴ፣ አድብሉ ስጪኝ።"

"አልቋል። ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣል። ያኔ ቀድተህ ብትነሳ ለአሥር ሰዓት ቤትህ ትገባለህ።"

"መጠበቅ አልችልም።"

"ትችላለህ። መጠበቅ እንደ መንዳት ነው፤ ይለመዳል።"

"መሬማ ናፍቃኛለች፣ መንገዱ ረዝሞብኛል!" አለና እንድሪስ ወጣ። አሲያ ከኋላው፣ "ሌላ ነገር እንዳትቀዳበት አደራ!" ብላ ጮኸች። ነፋስ ነበረና ግማሹን ብቻ ሰማ።

ከከተማው ወጣ እንዳለ የጉድጓድ ውሃ አገኘ። ግመል ይጠጣበታል፣ ፍየል ይጠጣበታል፣ ሰውም ይቀዳበታል። ውሃው እንድሪስን ሲያይ ተንቦጫረቀ።

"ምን ሆነህ ነው እንዲህ ፊትህ የጠቆረው?"

"ዳለቻ ጠማት። የምትጠጣው የጠራ ነገር አጣሁ።"

"እኔስ አልጠራሁም? እስቲ በእፍኝህ ይዘህ እየኝ። ግመል በእኔ ይኖራል፣ ሰው በእኔ ይኖራል። ለመኪና ሲሆን ነው የማንሰው?"

እንድሪስ በእፍኙ ያዘው። ጠርቷል። በጀሪካን ቀዳና ሰማያዊውን ክዳን ከፈተ።

ዳለቻ፣ "እንድሪስዬ፣ ይህ የእኔ አይደለም" አለች።

"ዳለቻዬ፣ መሬማ ናፍቃኛለች፣ መንገዱ ረዝሞብኛል። ጠጪና እንሂድ።"

"እጠጣለሁ፤ ሆዴ ግን ያውቃል።"

ጠጣች። ቢጫዋም መብራት ጠፋች። እንድሪስ እያፏጨ ነዳ። ሆኖም ያ ውሃ ከመሬት በታች ዘመን ሙሉ ከጨውና ከኖራ ጋር የኖረ ነው። ለዓይን ይጠራል እንጂ ሆዱ ሙሉ አፈር ነው። ሚሌ ሳይደርሱ ቢጫዋ መብራት ተመልሳ በራች። የዳለቻ ጉልበት በሲሶ ቀነሰ። ቀና የነበረው መንገድ ዳገት ሆነባት፤ እያዘገመች ሚሌ ስትገባ መሸ። እንድሪስ እዚያው ጋቢናው ውስጥ አደረ፤ ማደር ከተባለ።

ሲነጋ ከጭነቱ ላይ አንድ የተቀደደ ጆንያ ጠራው። ነጭ ነጭ ፍሬ ከቀዳዳው ይንጠባጠባል።

"እንድሪስ! እኔን ተሸክመህ እየዞርክ ትጨነቃለህ? ስሜ ማን ነው?"

"ዩሪያ ነህ። የገበሬ ማዳበሪያ።"

"አድብሉስ ከምን ይሠራል?"

"ከዩሪያ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያስ! እኔና እሱ የአንድ እናት ልጆች ነን። ትናንት የጠጣችው ውሃ ባዶ ስለሆነ ነው የከበዳት። እኔን በጥብጠህ ጨምርበት፤ ያን ጊዜ እውነተኛው አድብሉ ይሆናል።"

እንድሪስ ትንሽ አመነታ። ጆንያው የእሱ አይደለም፤ የገበሬ አደራ ነው። ግን ተቀዷል፣ ይንጠባጠባል። ደግሞም ዛሬ የመሬማ ቀን ነው። ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ ዘግኖ በጀሪካን በጠበጠና ሰማያዊውን ክዳን ከፈተ።

"እንድሪስዬ፣ ይህ የእኔ አይደለም።"

"ዳለቻዬ፣ መሬማ ናፍቃኛለች፣ መንገዱ ረዝሞብኛል። ጠጪና እንሂድ።"

"እጠጣለሁ፤ ሆዴ ግን ያውቃል።"

ጠጣች። ለትንሽ ጊዜ ሄዱ። እንድሪስም አዛኑን መለማመድ ጀምሮ ነበር። የእርሻ ዩሪያ ግን ለመሬት ነው የተዘጋጀው። ፍሬው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የቀቡት ነገር አለ። ያ ነገር በሙቀት ሲደርቅ በዳለቻ ቀጭን ጉሮሮ ላይ እንደ ጨው ድንጋይ ነጭ ሆኖ ተጋገረ። መርጫዋ ተደፈነ። አሁን ቀይ መብራት በራ። ጉልበቷም በግማሽ ቀነሰ። ጸሐይ አናት ላይ ስትወጣ ገና የባቲ ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ።

እንድሪስ ወርዶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ስልኩን አየ፤ አልጮኸም። "አልወለደችም ማለት ነው፤ ገና ናት፣ እደርሳለሁ" አለ።

በዚህ ጊዜ ከትልቁ ሆድ ናፍጣ ተናገረ። ድምፁ ወፍራም ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ከቤት ያለውን ሽማግሌ ሳታማክር ውጭ ውጭውን ታያለህ። ጉሮሮዋ የደረቀው ቅባት አጥቶ ነው። እኔ ቅባት ነኝ። ደግሞ ባዳ አይደለሁም፤ እዚሁ ቤት፣ ከትንሹ ሆድ ጎን ነው የምኖረው። ከእኔ ጥቂት ወደዚያ ብታሻግር ያላለሰለስኩት ነገር ምን አለ?"

እንድሪስ ደክሞታል። ደክሞ የሚናፍቅ ሰው ደግሞ ለሰማው ሁሉ እሺ ይላል። በቀጭን የጎማ ቱቦ ስቦ ወደ ትንሹ ሆድ ጨመረው።

"እንድሪስዬ" አለች ዳለቻ፤ አሁን ድምጿም ቀጥኗል። "ይህ የእኔ ነው፤ በዚህ በኩል ግን አይደለም።"

"ዳለቻዬ፣ መሬማ ናፍቃኛለች፣ መንገዱ…"

ቃሉን አልጨረሰውም። ዳለቻም፣ ሆዴ ያውቃል አላለችም። ጠጣች።

ናፍጣው በትንሹ ሆድ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች አሳበጣቸው። ትንሿ ፓምፕ ትንፋሽ አጠራት፣ አቃሰተች፣ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ዳለቻ በእግረኛ ርምጃ እንጂ አልሄደችም። እንድሪስ ነዳጅ ይረግጣል፤ ሞተሯ ያገሳል፤ ጎማዋ ግን እንደ ቀብር ሸኚ ቀስ፣ ቀስ ይላል። ከኋላ የመጣ አንድ ግመል ደረሰባቸው፤ ከጎናቸው ሆኖም አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ወደየት ነው?"

"ወደ ቤቴ። ሚስቴ ልትወልድ ነው።"

"ትቸኩላለህ ማለት ነው" አለና ግመሉ አለፋቸው። እንድሪስ ጀርባውን እያየ ቀረ። ግመሉ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ዳለቻ ከግራር ሥር ጥግ ይዛ ቆመች።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ከባድ መኪና ከሎግያ በኩል እየጋለበ መጣና ቆመ። የእንድሪስ የሥራ ባልደረባ ቶፊቅ ነው።

"እንድሪስ! አንተ ትናንት አይደል እንዴ የተነሳኸው?"

"ትናንት ነው።"

"እኔ አሲያ ሱቅ ደጅ አድሬ፣ ጎህ ሲቀድ አድብሉ ቀድቼ ነው የመጣሁት። ጀሪካን ሙሉ ተርፎኛል፤ እንካ።"

እንድሪስ ያጠፋውን አንድ በአንድ ነገረው። ቶፊቅ ከንፈሩን መጠጠ። "ባልታጠበ ዕቃ ላይ ወተት አይታለብም" አለው። "ይህን ሆድ መካኒክ ሳያጥበው አድብሉዬን ብትጨምርበት እሱንም ታበላሸዋለህ። ባቲ ስደርስ መካኒክ እልክልሃለሁ። አንተ ግን ና፣ ከእኔ ጋር ውጣ። ለአሥር ሰዓት ቤትህ አደርስሃለሁ።"

የእንድሪስ እግር ሳይታወቀው ወደ ቶፊቅ መኪና ሁለት ርምጃ ሄደ።

ዳለቻ፣ "ሂድ እንድሪስዬ፤ እኔ እጠብቃለሁ" አለች።

እንድሪስ ዘወር ብሎ ጭነቱን አየ። ያ ሁሉ ጆንያ። ከበላዩ ደመና እየተሰበሰበ ነው፤ ክረምት ሊገባ ነው። ደጋ ላይ ያለ ገበሬ መሬቱን አርሶ ይህን ጭነት ይጠብቃል። እሱም ቀኑን ይቆጥራል፤ እሱም መንገድ መንገድ ያያል። ጠባቂ የሌለው ጭነት ደግሞ አያድርም።

"አልችልም ቶፊቅ" አለ እንድሪስ።

"አንተ፣ ሚስትህ እኮ ናት!"

"አውቃለሁ። አደራ ጥዬ ሄጄ በጆሮው ውስጥ ምን ብዬ ነው የምናገረው? ሂድ አንተ። መካኒኩን ቶሎ ላክልኝ።"

ቶፊቅ ሄደ። አቧራው እስኪሰክን እንድሪስ ቆሞ አየው።

በአሥር ሰዓት ስልኩ ጮኸ። እንድሪስ ሳያነሳው ነገሩን አወቀው፤ ሲያነሳው እልልታ ነው። አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ሦስት አለና ቆመ። በዚያ መንደር ሦስት እልልታ የሴት ነው።

"እንድሪስ ልጄ፣ ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው" አሉ እማማ ከድጃ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የት ደረስክ? ሼህ ይመር ደጅ ናቸው። መሬማ ጠብቁት እያለች ነው።"

እንድሪስ ስልኩን እንደያዘ፣ "አንተ ስልክ፣ ትንፋሼን ውሰድልኝ፤ ልጄ ጆሮ ላይ አድርስልኝ" አለው።

ስልኩም፣ "እኔ ድምፅ ነው የምወስደው፤ ትንፋሽ መውሰድ አልችልም" አለው።

እንድሪስ ስልኩን መልሶ ወደ ጆሮው አስጠጋ። ከዚያ፣ "እማማ፣ እኔ ዛሬ አልደርስም። ነገም አልደርስም። ልጅ በእኔ ጥፋት ቃሏን ሳትሰማ አትደር፤ ሼህ ይመር ይበሉላት። ስልኩን ብቻ አትዝጉብኝ" አለ።

አልዘጉበትም። የሽማግሌው ድምፅ ከሩቅ፣ ከቤት ውስጥ፣ ቀስ እያለ መጣ። እንድሪስ ከግራሩ ሥር ጎንበስ አለ። ወራቱን ሙሉ የተለማመደውን ቃል ከንፈሩ አብሮ ይል ነበር። ድምፅ ግን አላወጣም። ዳለቻ ሞተሯ ጠፍቶ ሳለ እንኳ የምትተነፍስ መሰለችው፤ ለካ የሚተነፍሰው እሱ ነው።

በማግሥቱ ከባቲ ይማም የሚባል መካኒክ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። ትንሹን ሆድ ፈትቶ ያገኘውን እያወጣ ድንጋይ ላይ ደረደረ። ጨው አወጣ። ነጭ ግግር አወጣ። ያበጠ የጎማ ማሸጊያ አወጣ።

"ማን ነው ይህን ስጣት ያለህ?"

"ሦስቱ ራሳቸው ናቸው" አለ እንድሪስ። "ውሃው ጠርቻለሁ አለኝ። ማዳበሪያው ወንድሙ ነኝ አለኝ። ናፍጣው የቤት ሰው ነኝ አለኝ። ሁሉም ዋሹኝ።"

"አልዋሹህም" አለ ይማም እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ውሃው ለግመል ጠርቷል። ማዳበሪያው ለመሬት ዩሪያ ነው። ናፍጣውም የቤት ሰው ነው። አንተ ነህ ቦታቸውን ያልጠየቅካቸው።"

እንድሪስ ወደ ዳለቻ ሄዶ ግንባሩን በበሯ ላይ አስደገፈ።

"አፉ በይኝ ዳለቻዬ። አንቺ ነግረሽኛል።"

"አፉ ብዬሃለሁ" አለች ዳለቻ። "እኔ ጠጣሁት እንጂ የጠማው አንተን ነበር።"

ይማም ትንሹን ሆድ አንዴ አጠበው፤ አልጠራም። ሁለተኛ አጠበው፤ አልጠራም። ሦስተኛ አጠበው፤ ያን ጊዜ ጠራ። ከኮምቦልቻ አዲስ ፓምፕ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቁ። እንድሪስ በእነዚያ ሁለት ቀናት ከግራሩ ሥር ተቀምጦ መጠበቅን ተማረ። መራራ ነበር፤ ግን አሲያ እንዳለችው ይለመዳል። ከዚያ ማሸጊያው ያልተነካ እውነተኛ አድብሉ ተቀዳ። ዳለቻም አንድ ጊዜ አስነጠሰችና እንደ ጥንቱ ተነሳች። ኮምቦልቻ መጋዘን ደረሱ፤ ጭነቱ ተራገፈ፤ እንድሪስም ከተቀደደው ጆንያ የወሰደውን ሳይደብቅ ተናገረ።

መንደሩ ሲገባ ልጅቱ አራት ቀኗ ነበር። እጁን ታጠበ። አሸተተው፤ ደግሞ ታጠበ። ከዚያ ገባ።

"መጣህ?" አለች መሬማ።

"መጣሁ።"

"ዘገየህ።"

"ዘገየሁ።"

መሬማ ልጅቱን አነሳችና ሰጠችው። ዳቦ እንኳ የምታህል አይደለችም። እንድሪስ ጎንበስ አለና፣ ለትንሽ ጆሮ ብሎ ባለሰለሰው ድምፅ፣ "ልጄ" አላት።

ልጅቱ ፊቷን ጨማደደችና እሪ አለች።

ሼህ ይመር ደጅ ላይ ነበሩ፤ "ምነው፣ ምነው የኔ እመቤት?" ሲሉ ድምፃቸውን ሰማች። ዝም አለች። ጭንቅላቷንም ወደ በሩ አዞረች።

እማማ ከድጃ ሳቁ። "አታውቅህማ!" አሉት። ለቀልድ ነው ያሉት። እንድሪስ ግን ልጅቱን መልሶ ለእናቷ ሰጥቶ ወጣ። ዳለቻ ጎማ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ።

በማግሥቱ ወደብ ጭነት አለ ብለው ደወሉለት። እንድሪስ፣ "ልጄ ድምፄን እስክታውቀው አልነሳም" አላቸው።

አንድ ጠዋት ከጎኗ ተቀምጦ አወራላት፤ አለቀሰች። ሁለተኛ ጠዋት አወራላት፤ ዝም ብላ አየችው። በሦስተኛው ጠዋት ከደጅ ሆኖ ሚስቱን፣ "መሬማ" ብሎ ሲጠራ ልጅቱ የእናቷን ጡት ለቀቀች። ጭንቅላቷን ወደ በሩ አዞረች።

"ሰማችህ" አለች መሬማ። "ግባ እንጂ፤ ሰማችህ እኮ!"

እንድሪስ ግን ወዲያው አልገባም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ እሱ የዞረችውን ልጁን አያት፤ ከዚያ ገባ።

አያችሁ፣ ናፍቆት እግር ይሰጣል እንጂ ዓይን አይሰጥም። የጠራ ሁሉ ንጹህ አይደለም፤ ስም የተጋራም ሁሉ ወንድም አይደለም። አንድ ቀን መጠበቅ ያቃተው ሰው የመጀመሪያዋን ቃል ያጣል፤ የቀሩትን ቃላት ግን ከተቀመጠ ያገኛቸዋል።

እኔ ጭነቴን አራግፌያለሁ። የወደደ ይጫን፣ ያልወደደ መንገዱን ይልቀቅ።